ሰርቨሩ ሲጠፋ የማይተኛው ኮምፒዩተር

የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነትና የመሠረተ ልማት ጥበቃ ኤጀንሲ፣ በምህጻሩ ሲሳ፣ አጥቂዎች በተግባር ሲጠቀሙባቸው የታዩ የሶፍትዌር ክፍተቶችን የሚመዘግብበት ዝርዝር አለው። ከአንድ ሺህ በላይ ክፍተቶች ሰፍረውበታል፤ የዊንዶውስ፣ የአሳሾች፣ የቪፒኤን መሣሪያዎች፣ የስልኮች። እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2025 የተጨመረው ግን ከዚያ በፊት በዝርዝሩ ላይ ታይቶ በማያውቅ ዕቃ ላይ የተገኘ ነበር፦ በሰርቨር ማዘርቦርድ ላይ ተበይዶ የሚኖር፣ ሰርቨሩን ከሩቅ ለመቆጣጠር የተሠራ ትንሽ ኮምፒዩተር። የክፍተቱ መለያ ሲቪኢ-2024-54085 ነው። የክብደት ነጥቡ ከ10 ላይ 10። ያለበትም ኤኤምአይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ሜጋራክ የተሰኘ ፕሮግራም ውስጥ ነው።

አሠራሩን ለሰማ ሰው ለማመን ያስቸግራል። ሜጋራክ ሁለት ዓይነት ትእዛዝ ይቀበላል፤ አንዱ ከዚያው ሰርቨር ውስጥ፣ ሌላው ከውጭ ኔትወርክ የሚመጣ። ከውስጥ የመጣውን ያለ ይለፍ ቃል ያምነዋል። የትኛው ከየት እንደመጣ የሚለየው ደግሞ በመልእክቱ ራስጌ ላይ የሰፈረውን አድራሻ አይቶ ነበር። ራስጌውን የሚጽፈው ግን ጠያቂው ራሱ ነው። አጥቂው የውስጥ የሚመስል አድራሻ ጽፎ ከላከ ይገባል፣ ለራሱ የአስተዳዳሪ አካውንት ይከፍታል፣ ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ የእሱ ነው። ክፍተቱን ያገኘው ኤክሊፕሲየም የተባለ የደኅንነት ኩባንያ ሲሆን ይፋ ያደረገው በማርች 2025 ነበር። ይኸው ኩባንያ በ2023 በዚያው ፕሮግራም ውስጥ የዚህ የቅርብ ዘመድ የሆነ ሌላ ክፍተት አግኝቶ ነበር። ያኔም ፕሮግራሙን ያሳሳተው ጠያቂው በራሱ እጅ የጻፈው ራስጌ ነው። ያ ተደፈነ፤ ከአጠገቡ ያለው ግን ሳይታይ ቀረ።

ዜናው ከባለሙያዎች ክበብ ብዙም አልወጣም። በእኔ እምነት መውጣት ነበረበት፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ከአንድ ፕሮግራም ስህተት ይሰፋል። ባንኩ፣ ሆስፒታሉ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ውሂቡን በሚያኖርበት በእያንዳንዱ ሰርቨር ውስጥ ሙሉ ሥልጣን ያለው ሁለተኛ ኮምፒዩተር ተቀምጧል። ይህን ኮምፒዩተር «የእኔ ነው፣ እኔ እጠብቀዋለሁ» የሚል ሰው ግን ብዙ ጊዜ የለም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ እዚህ ባለቤቱ ማን እንደሆነ እንኳ በግልጽ አልተነገረም።

አንድ ሰርቨር ተከፍቶ ማዘርቦርዱ ሲታይ ከዋናዎቹ ፕሮሰሰሮች ራቅ ብሎ አንድ አነስ ያለ ቺፕ ይገኛል። ባለሙያዎቹ ቢኤምሲ ይሉታል። የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሜሞሪ፣ ፕሮግራሙን የሚያኖርበት የራሱ ፍላሽ፣ አብዛኛውን ጊዜም የራሱ የኔትወርክ ሶኬት አለው። የሚሠራበት ኦፕሬቲንግ ሲስተም በአብዛኛው ሊኑክስ ነው። ዴል አይድራክ፣ ኤችፒኢ አይሎ፣ ሌኖቮ ኤክስክላሪቲ ብለው ሰይመውታል። ስሙ ይለያይ እንጂ ሥራው አንድ ነው።

ሰርቨሩ ሲጠፋ ቢኤምሲው አይጠፋም። የኤሌክትሪክ ገመዱ እስከተሰካ ድረስ የተጠባባቂ ኃይሉን እየሳበ ነቅቶ ይቆያል። የሙቀት መጠኑን ይለካል፣ የማቀዝቀዣ ፋኑን ፍጥነት ይወስናል፣ የኃይል አቅርቦቱን ይከታተላል። ከሩቅ የተቀመጠ ቴክኒሺያን በእሱ በኩል ሰርቨሩን ያበራል፣ ያጠፋል። የሰርቨሩን ስክሪን በራሱ ላፕቶፕ ላይ ያያል፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ያህል ኪቦርዱን ይጫናል። በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ያለን ፋይል ለሰርቨሩ የተሰካ ዲስክ አስመስሎ በማቅረብ ከዚያ ላይ አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይጭናል። የማዘርቦርዱን መነሻ ፕሮግራም ሳይቀር ይቀይራል። ይህ ሁሉ ሲሆን በሰርቨሩ ላይ ያለው ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ምንም አያውቅም፤ ጸረ ቫይረሱም እንዲሁ። ከእነሱ በታች ነውና የሚሠራው።

ያለ ቢኤምሲ የዛሬው የዳታ ሴንተር ሥራ አይታሰብም። ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ ባለው ሰሜናዊ ቨርጂኒያ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት አካባቢ፣ አሽበርንን ማዕከል ያደረገ የዓለም ትልቁ የዳታ ሴንተሮች ክምችት አለ። በእነዚያ መስኮት አልባ ሕንፃዎች ውስጥ ያለው የማሽን ብዛት በየመደርደሪያው እየዞሩ ኪቦርድና ስክሪን በመሰካት የሚታከም አይደለም። ጥቂት ሰዎች እጅግ ብዙ ማሽን የሚያስተዳድሩት ከማሽኑ ተለይቶ በሚሄድ የአስተዳደር ኔትወርክ ነው።

ይህ መስመር ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ዓለም አይቷል። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ከኢንተርኔት ጠፉ። መነሻው በጥገና ሰዓት የተሰጠ ትእዛዝ የኩባንያውን የጀርባ አጥንት ኔትወርክ ማቋረጡ ነበር። ኩባንያው በኋላ በሰጠው ማብራሪያ ዋናውም የአስተዳደሩም መስመር አብረው ስለወደቁ መሐንዲሶችን በአካል ወደ ዳታ ሴንተሮቹ መላክ ግድ እንደሆነበት ገልጿል። ሕንፃዎቹ የተሠሩት ሰው በቀላሉ እንዳይገባባቸው፣ ማሽኖቹም ገብቶ እንኳ በቀላሉ እንዳይነካቸው ስለሆነ ይህም ጊዜ ወሰደ። እንግዲህ «ቢኤምሲውን አውጥተን እንጣለው» የሚል መፍትሔ የለም። የምንነጋገረው ሊቀር ስለማይችል ነገር ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1998 ነው። ኢንቴል፣ ዴል፣ ሂውሌት ፓካርድና ኤንኢሲ የሁሉም ፋብሪካ ሰርቨር በአንድ ቋንቋ እንዲታዘዝ አይፒኤምአይ የተባለ የጋራ ደንብ አወጡ። በ2001 ደንቡ በኔትወርክ በኩል መታዘዝን ጨመረ፤ በ2004 ሁለተኛው ስሪት ወጣ። የዘመኑ መሐንዲሶች በአእምሯቸው የነበረው የታጠረ፣ የሚተማመኑ ሰዎች ብቻ ያሉበት ኔትወርክ ይመስላል። ሁለተኛው ስሪት ለይለፍ ቃል ማረጋገጫ ያበጀው ሥርዓት ለዚህ ምስክር ነው፤ አንድ ሰው «እገሌ ነኝ፣ ልግባ» ሲል ቢኤምሲው ገና ማንነቱን ሳያረጋግጥ ከይለፍ ቃሉ የተሰላ የምስጠራ ውጤት ይልክለታል። ተቀባዩ ያንን ይዞ ቤቱ ቁጭ ብሎ ትክክለኛው እስኪገኝ ድረስ የይለፍ ቃሎችን በኮምፒዩተር መሞከር ይችላል። የይለፍ ቃሉ ርዝመት ከ20 ባይት እንዳያልፍ ደንቡ ራሱ ይገድባል። በዚያ ላይ ማረጋገጫው እንዲሠራ ቢኤምሲው የይለፍ ቃሉን መልሶ ሊነበብ በሚችል መልክ ማስቀመጥ አለበት። ይህ የአንድ ፋብሪካ ጉድለት ስላልሆነ ደንቡን በታማኝነት የተከተለ ሁሉ ጉድለቱንም አብሮ ወሰደ።

በ2013 ዳን ፋርመር የተባለው አሜሪካዊ የደኅንነት ተመራማሪ ይህን ሁሉ ፈልፍሎ አወጣ። ፋርመር በ1995 ከቪትሰ ቬኔማ ጋር ሆኖ ሰይጣን የተባለውን የኔትወርክ ክፍተት መፈተሻ የሠራ፣ በሙያው የተከበረ ሰው ነው። በዚያው በ2013 ኤችዲ ሙር የተባለ ሌላ የደኅንነት ተመራማሪ ኢንተርኔቱን ፈትሾ 308,000 ያህል ቢኤምሲዎች ለማንም ክፍት ሆነው አገኘ። ከእነሱ 195,000 ያህሉ ምንም ምስጠራ የሌለውን የቀድሞውን ስሪት ብቻ የሚያውቁ ነበሩ። 53,000 ያህሉ ደግሞ የይለፍ ቃሉ ምንም ቢሆን የሚያስገቡ ሆኑ፤ ምክንያቱም ደንቡ «ያለ ምስጠራ፣ ያለ ማረጋገጫ» የሚል አማራጭ ነበረው፣ ብዙ ፋብሪካዎችም ያንን ክፍት አድርገው ሸጠዋል። የፋብሪካ ይለፍ ቃሎቹ ነገርም አለ። የዴል ሰርቨሮች ለዓመታት «ሩት» እና «ካልቪን»፣ የሱፐርማይክሮ ደግሞ «አድሚን» እና «አድሚን» በሚል መግቢያ ነበር የሚሸጡት፤ ይህንንም የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አጥቂውም ጭምር።

ማስጠንቀቂያው ከተሰማ በኋላ ነገሩ ቢስተካከል ይህ ጽሑፍ ባላስፈለገ። በ2017 በኤችፒኢ አይሎ 4 ላይ ሲቪኢ-2017-12542 የተባለ ክፍተት ተገኘ። በአንዱ የመልእክት ራስጌ ላይ «ኤ» የምትለዋን የላቲን ፊደል 29 ጊዜ ደርድሮ የላከ ሰው ያለ ይለፍ ቃል ይገባ ነበር። መደፈኛው በጊዜው ወጥቷል። ሳይደፍኑ የተቀመጡት ግን ብዙ ነበሩ። በ2018 የቤዛ ጠያቂዎች መልእክት በአይሎ መግቢያ ገጾች ላይ መታየት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ጃንግልሴክ የተባለው የቤዛ ጥቃት በቢኤምሲ በኩል ሰርቨር ውስጥ እየገባ ፋይሎችን ቆለፈ።

ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የሚነሳው ግን በዲሴምበር 2021 አምንፐርዳዝ የተባለ የኢራን የደኅንነት ኩባንያ ይፋ ያደረገው ነው። አይሎብሊድ ብለው የሰየሙት ይህ ተንኮል አዘል ፕሮግራም የሚኖረው በአይሎው ፍላሽ ውስጥ ሲሆን ከዚያ ሆኖ የሰርቨሩን ዲስኮች ደጋግሞ ይደመስስ ነበር። ዲስክ ቢቀየር፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከመሠረቱ እንደገና ቢጫን አይነካውም፤ እሱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሁሉን የጠረጠረ አስተዳዳሪ የአይሎውን ፕሮግራም በአዲስ ለመተካት ቢሞክርስ? ፕሮግራሙ ትእዛዙን ይቀበላል፣ የሚሠራ መስሎ ይታያል፣ በመጨረሻም አዲሱን የስሪት ቁጥር ያሳያል። በውስጥ ግን ምንም አልተለወጠም። ተመራማሪዎቹ የበከተውን ከጤነኛው የሚለይ አንድ የሚታይ ምልክት ጠቁመዋል፦ የመግቢያ ገጹ መልክ አለኝ ከሚለው ስሪት ጋር አይገጥምም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ስለ ኮምፒዩተር ደኅንነት የተማርነው ሁሉ አንድ የሚታመን መነሻ አለ ብሎ ይጀምራል። ቫይረስ ከያዘህ አጥፍተህ ጫን፤ ያም ካልሆነ ዲስኩን ቀይር። አይሎብሊድ ያሳየው «ታድሻለሁ» የሚለን አካል ራሱ የተበከለው ሊሆን እንደሚችል ነው። መታደሱን የምንጠይቀው እሱን፣ መልሱን የምንሰማውም ከእሱ ነው። ከዚህ ክብ የሚያወጣው ብቸኛው መንገድ ከቢኤምሲው ውጭ ያለ፣ ፕሮግራሙን ከመነሳቱ በፊት በዲጂታል ፊርማ የሚመረምር ሃርድዌር ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2018 ባወጣው መመሪያ ይህንኑ በሦስት ቃል አስቀምጦታል፤ መከላከል፣ ማወቅ፣ መመለስ። አዳዲሶቹ ሰርቨሮች ወደዚያ እየሄዱ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያሉት ግን አብዛኞቹ አዳዲስ አይደሉም።

የተከራይና የአከራይ ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በ2019 ይፋ ባደረገው ሙከራ ኤክሊፕሲየም ከአይቢኤም ክላውድ አንድ ሙሉ ሰርቨር ተከራየ፤ የቢኤምሲውን ፕሮግራም በጥቂቱ ነካ አደረገና መለሰው። ከዚያ ያንኑ ማሽን እንደገና መከራየት ቻለ። የፈጠረው ተጨማሪ አካውንት ተሰርዟል። የነካካው ፕሮግራም ግን እንዳለ ነበር። ማለትም ቀደም ሲል የነበረ ተከራይ ለሚቀጥለው ተከራይ ስጦታ ትቶ መሄድ ይችል ነበር። አይቢኤም ከዚህ በኋላ በተከራዮች መካከል የቢኤምሲውን ፕሮግራም እንደገና መጫን ጀመረ። በዚያው በ2019 ጃንዋሪ ላይ ደግሞ በአስፒድ ቺፖች ላይ ሰርቨሩ ራሱ ወደ ቢኤምሲው ሜሞሪ ገብቶ ማንበብና መጻፍ የሚችልበት ክፍተት ታውቋል። መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ ይኬድበታል ማለት ነው።

አስፒድ ያልኩት በታይዋን ሲንቹ ከተማ የሚገኝ፣ በ2004 የተመሠረተ ኩባንያ ነው። በዓለም ላይ ከሚሸጡት የቢኤምሲ ቺፖች አብዛኞቹን የሚሠራው እሱ ነው። በቺፑ ላይ የሚጫነውን ፕሮግራም ለብዙ ፋብሪካዎች የሚያቀርበው ኤኤምአይ ነው። ኤኤምአይ ደግሞ በፋንታው ሌሎች በነጻ የሚያቀርቧቸውን ፕሮግራሞች ይጠቀማል። ማዘርቦርዱን የሚሠራው ፋብሪካ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያደርጋል፣ በሰርቨሩ ላይ ስሙን የሚለጥፈው ኩባንያ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ሻጩ ሌላ፣ የሚገዛው ሌላ፣ የሚከራየው ሌላ። ክፍተት ሲገኝ መደፈኛው ይህን ሰንሰለት ቀለበት በቀለበት እያለፈ መውረድ አለበት፤ በየቀለበቱም ሳምንታትና ወራት ይባክናሉ።

ላይቲፒዲ በተባለው አነስተኛ የድረ ገጽ ፕሮግራም ላይ የደረሰው ይህን ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳያል። የፕሮግራሙ ጸሐፊዎች አንድ የሜሞሪ ክፍተት አግኝተው በ2018 ዘጉት። የደኅንነት ክፍተት መሆኑን የሚገልጽ መለያ ቁጥር ግን አላወጡለትም። ስለዚህ የክፍተቶችን ዝርዝር እየተከታተለ የሚያድስ ሁሉ ሳያየው አለፈ፤ ኤኤምአይም አለፈው። በ2024 ባይናርሊ የተባለ ኩባንያ ያንኑ ክፍተት ከስድስት ዓመት በኋላ በኢንቴልና በሌኖቮ ሰርቨሮች ውስጥ አገኘው። ፋብሪካዎቹ ምርቶቹ የአገልግሎት ዘመናቸው ስላበቃ አናድሳቸውም አሉ። ማሽኖቹ እየሠሩ ነው፤ ክፍተቱም እንዳለ ይኖራል። ማንም በክፋት አልሠራውም። ሁሉም የየራሱን ድርሻ ተወጣ፤ ሙሉውን ሰንሰለት የሚያይ ዓይን ግን አልነበረም። «ባለቤት የለውም» ስል ይህን ማለቴ ነው።

መንግሥታት ዝም አላሉም። በጁን 2023 ሲሳ የአሜሪካ ፌዴራል ተቋማት እንዲህ ያሉ መቆጣጠሪያዎች ኢንተርኔት ላይ ክፍት ሆነው ሲገኙ በ14 ቀን ውስጥ ከዚያ እንዲያወጧቸው ወይም በጥብቅ ማረጋገጫ እንዲከልሏቸው አስገዳጅ መመሪያ ሰጠ። በማግስቱም ከብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲው ጋር ለሁሉም የሚሆን የጥንቃቄ መመሪያ አወጣ። የካሊፎርኒያ ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ለሁሉም መሣሪያ አንድ ዓይነት የሆነ የፋብሪካ ይለፍ ቃል ከለከለ፤ ሱፐርማይክሮም ለእያንዳንዱ ሰርቨር የተለየ ይለፍ ቃል መስጠት ጀመረ። ከእስካሁኖቹ እርምጃዎች ፍሬው በግልጽ የታየው ይህ ይመስለኛል፤ ሸክሙን ከገዢው ትከሻ አንስቶ ፋብሪካው ላይ ስላደረገው።

ደንቡን በተመለከተ በ2015 የወጣው ሬድፊሽ የአይፒኤምአይን ቦታ እየያዘ ነው። በተመሰጠረ የድር መስመር ይሠራል፤ ከቀድሞው በብዙ ይሻላል። ሆኖም በ2025 የተመዘገበው ክፍተት የተገኘው በዚሁ በሬድፊሽ በኩል እንደሆነ አንርሳ። አዲስ ደንብ የድሮ የአሠራር ልማድን አይፈውስም። ኦፕንቢኤምሲ የተባለው የክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ከ2018 ጀምሮ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር ፌስቡክን፣ ጉግልን፣ አይቢኤምን፣ ኢንቴልንና ማይክሮሶፍትን አሰባስቧል። እሱም ከስህተት አላመለጠም፤ በ2021 ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ ከባድ ክፍተት ተገኝቶበታል። ያም ሆኖ ኮዱን ማንም ሊያነበው ይችላል፣ መደፈኛውም ሰንሰለቱን ሳይጠብቅ በቀጥታ ከምንጩ ይወሰዳል። ይህ ጥቅም ግን የራሱ መሐንዲስ ላለው ግዙፍ ድርጅት ነው። ሃያ ሰርቨር ያለው ባንክ ፋብሪካው የሰጠውን ይዞ ይኖራል።

ወደ እኛ አገር የሚያመጣን ይህ ነው። በአዲስ አበባው የአይሲቲ ፓርክ ራክሲዮና ዊንጉን የመሰሉ ኩባንያዎች ደንበኞች የራሳቸውን ሰርቨር አምጥተው የሚያስቀምጡባቸው ዳታ ሴንተሮች ከፍተዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ማሽኑ የሚተዳደረው በቢኤምሲው በኩል ነው። በ2023 የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ፣ በ2024 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥተዋል። የዜጋውን መረጃ የያዘ ተቋም እንዲጠብቀው ሕግ ያስገድደዋል ማለት ነው። ጥበቃው ግን ፋየርዎልና ጸረ ቫይረስ ላይ ካቆመ ከሁሉም በታች ያለው በር ሳይታይ ይቀራል።

መፍትሔው ከግዢ ሰነዱ ይጀምራል። የሰርቨር ጨረታ ሲወጣ የፕሮሰሰሩ ዓይነት፣ የሜሞሪው መጠን፣ የዲስኩ ቁጥር በዝርዝር ይጻፋል። የቢኤምሲው ፕሮግራም ከማን እንደሆነ፣ ፋብሪካው ከሽያጭ በኋላ ለስንት ዓመት ማደሻ እንደሚያወጣ፣ ከመነሳቱ በፊት ፊርማውን የሚያረጋግጥ ሃርድዌር ይኑረው አይኑረው አብሮ መጠየቅ አለበት፤ መልሱም ውሉ ውስጥ መግባት አለበት። ተተክሎ ሲያበቃ የቢኤምሲው ሶኬት ለብቻው በተለየ ኔትወርክ ላይ ይሰካ፤ ወደዚያ የሚገባው ሰው በስም ይታወቅ። ሶኬቱ ሳይሰካ ቢቀርም ነገሩ አላለቀም። ብዙ ቢኤምሲዎች የራሳቸው መስመር ካጡ የሰርቨሩን ዋና የኔትወርክ መስመር በጋራ እንዲጠቀሙ ሆነው ይመጣሉ፤ ስለዚህ «አልሰካነውም» ማለት «ዘግተነዋል» ማለት አይደለም። የቢኤምሲው ማደሻም ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ማደሻ ጋር በአንድ የሥራ መርሐ ግብር ላይ ይግባ፣ ኃላፊነቱም በስም ለአንድ ሰው ይሰጥ።

አሮጌ ሰርቨር ሲገዛ ወይም ሲወገድ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። ሁለተኛ እጅ ማሽን የገዛ ድርጅት አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲጭን ንጹሕ ያደረገው ይመስለዋል፤ የቀድሞው ባለቤት በቢኤምሲው ውስጥ የተወው አካውንት፣ ወይም የነካካው ፕሮግራም፣ ከዲስኩ ጋር ስለማይሄድ ባለበት ይቆያል። በመጀመሪያ መደረግ ያለበት ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መመለስና ከፋብሪካው በቀጥታ የተወሰደውን የቅርብ ጊዜ ፕሮግራም መጫን ነው። የሚያስወግደውም ተቋም ዲስኮቹን አውጥቶ በመፍጨት ብቻ አይጨርስ። መልሶ ሊነበብ የሚችለው ይለፍ ቃል የተቀመጠው ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ፍላሽ ነው፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ለሁሉም ሰርቨሮቻቸው አንድ የቢኤምሲ ይለፍ ቃል ይጠቀማሉ። ዲስክ አልባ ሆኖ ለገበያ የወጣው ያ ማዘርቦርድ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ገና እየሠሩ ያሉትን የሌሎቹን ሁሉ ቁልፍ ይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ማሽኑ ከግቢው ከመውጣቱ በፊት የቢኤምሲው ቅንብር ይደምሰስ፣ በቀሩት ሰርቨሮች ሁሉ ላይም ይለፍ ቃሉ በዚያው ቀን ይቀየር።